የጋሽ ወንድይፍራው ግራፊክስ ካርድ

ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ኮምፒውተር ያውቃል ተብሎ ይታመናል። ይህን እምነት እኔ አልጀመርኩትም። ግን አልተቃወምኩትም። ሸዋሮቢት አስፋልት ዳር ሁለት ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ ፕሪንተር ይዤ ከተቀመጥኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ስልኩ የተቆለፈበት እኔ ጋ ይመጣል። ቴሌቪዥኑ ድምፅ አላወጣ ያለው እኔ ጋ ይመጣል። አንዲት እናት ፍሪጅ በባጃጅ ጭነው መጥተው፣ "አያሌው ልጄ፣ ይቺ አልቀዘቅዝ አለችኝ፤ እስቲ እያት" ብለውኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ የማውቀው ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ሳይቀደድ ማውጣት ነው። እሱም ሁልጊዜ አይሳካልኝም።

ስለዚህ ባለቤቴ ሰብለ አንድ ቀን፣ "ለአባዬ የጌም ኮምፒውተር እንግዛለት" ስትለኝ፣ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ "ምን ዓይነት?" አልኳት። እንዲህ ያልኩት ስለማውቅ አይደለም። ለማሰቢያ ጊዜ እንዲሆነኝ ነው።

አባዬ የምትለው አባቷን ጋሽ ወንድይፍራውን ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ምን ጌም ይጫወታል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያልኩት እሱኑ ነው። ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ከነተሳቢው። ወደብ ወርደው ጭነው፣ በደሴ በኩል አድርገው፣ በእኛ ከተማ አልፈው፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥተው አዲስ አበባ ይገባሉ። ሰብለን ያሳደጓት እንዲህ ነው፤ እያለፉ። እሷ ልጅ ሆና አባቷን የምታውቃቸው በክላክስ ድምፅ ነበር። ከዚያ ስኳር ያዛቸው። ስኳሩ ወደ ዓይን ሄደ። ግራ ዓይናቸው ደከመና መንጃ ፈቃዳቸው አይታደስም ተባለ። የሰብለ እናት ካረፉ ቆይተዋል፤ ብቻቸውን ከሚሆኑ ብለን እኛ ቤት አመጣናቸው።

ቤታችን በረንዳው ወደ አስፋልቱ ነው። ጠዋት ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በጆሯቸው ይፈትሹታል። "ይሄ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ማስገባት ነበረበት።" "ይሄ ፍሪሲዮኑን ሊበላው ነው።" አንድ ቀን፣ "የዚህ ተሳቢ የኋላ ጎማ አየር የለውም" አሉ። ሾፌሩ ትንሽ አለፍ ብሎ ሻይ ለመጠጣት አቁሞት ስለነበር ሄጄ አየሁት። እውነትም ጎማው ተኝቷል። ለሾፌሩ ስነግረው፣ "ማን አየልህ?" አለኝ። "አላዩትም፤ ሰምተውት ነው" አልኩት። አላመነኝም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ትችት ለምደን፣ አንድ ሰሞን ዝም አሉ። መኪናው ያልፋል፤ እሳቸው ዝም። ከባዱ እየተንገጫገጨ ያልፋል፤ ዝም። ሰው ነቀፋ ሲተው ጥሩ ነገር ይመስላል። ሰብለ ግን ደነገጠች። ምግብም ቀነሱ። ለስኳሩ የታዘዘላቸውን ክኒን "ረሳሁት" ማለት ጀመሩ። ሾፌር ሰዓት ይረሳል?

አንድ ማለዳ "ፀጉሬን ልስተካከል" ብለው ወጡ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ የሉም። ስልካቸው ይጠራል፤ አይነሳም። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። "እኔ ጋ ከመጡ ወር አለፋቸው" አለኝ። ሰብለ በራፍ ላይ ቆማ እጇን ታፋትጋለች። በመሃል ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። "አባታችሁ ጀውሃ ናቸው። እኔ መኪና ላይ።"

ከእኛ ከተማ አለፍ ብላ ወዳለችው ጀውሃ በሚኒባስ ሄድኩ። ጀውሃ ምግብ ቤቶቹ ፊት ለፊት ከባድ መኪኖች ተደርድረው ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ ምሳ እስኪበሉ። ደዋዩ ሾፌር አንዱ መኪና ጥላ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ገና ሳልጠይቀው፣ "ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ አትስጋ" አለኝ። "በዚህ ሰሞን ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ከሾፌሮቹ አንዱን 'ትንሽ ልቀመጥባት' ብለው ይለምናሉ። እኛም እናስቀምጣቸዋለን። ዛሬ ግን ፀሐዩ በረታና ፈራሁላቸው።"

ቀና ብዬ አየሁ። ጋሽ ወንድይፍራው ጋቢና ውስጥ ናቸው። ሞተሩ ጠፍቷል። ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው። ፊት ለፊት ያያሉ።

በሌላኛው በር ወጥቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ጋቢናው እንደ ምድጃ ይጋረፋል። ዞር ብለው አላዩኝም። "ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው" አሉ። "ይቀመጡ" አልኳቸው። ሁለታችንም የቆመውን መኪና ተሳፍረን ትንሽ ቆየን። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ነካ አድርገው አረጋገጡና ወረዱ። መሬት ሲደርሱ የፊት ጎማውን በእግራቸው መታ አደረጉት። ለሾፌሩ "ደህና ናት" አሉት።

ለሰብለ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ናት እንግዲህ በስልኳ ስትፈልግ አድራ የከባድ መኪና መንዳት ጌም ያገኘችው። መሪ አለው፣ ፔዳል አለው፣ ማርሽ አለው፣ ጭነት ይጫናል፣ ከአገር አገር ይኬዳል። ዓይን ቢደክም ማንም አይገጭም። "የጌም ኮምፒውተር እንግዛለት" ያለችኝ ያኔ ነው።

እኔም የተቋጠረ ግንባሬን ይዤ ሰዒድ ጋ ሄድኩ።

ሰዒድ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ጎልማሳ ነው። ቤተሰቦቹ ጀውሃ አካባቢ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታሉ፤ እሱ ግን መሬት ቆፍሮ አያውቅም፤ የሚቆፍረው የሰው ስልክ ነው። ጉዳዩን ስነግረው ዓይኑ በራ። "ጋሼ፣ ለጌም ዋናው ግራፊክስ ካርዱ ነው" አለኝ። "ኮምፒውተሩ ያስባል፤ ካርዱ ይስላል። ካርድ ማለት ደግሞ አረንጓዴው ነው። ሌላው ቀልድ ነው።"

ሌላም አለ እንዴ? አለ። ቀዩ። እነዚህ ካርዶች የፋብሪካ ስም አላቸው፤ እዚህ ከተማ ግን የሚጠሯቸው እንደ ኳስ ቡድን በቀለማቸው ነው። ይህን ያወቅሁት ከሰዒድ ሱቅ ወጥቼ ዮናስን ሳገኘው ነው። ዮናስ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። የሆቴሉን የምግብ ዝርዝር እኔ ጋ የሚያሳትመው እሱ ነው። ከሰዒድ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። "ሰዒድ አረንጓዴ አለህ?" አለኝና ራሱን ነቀነቀ። "ጋሼ፣ አረንጓዴው ስም ነው። ለዋጋው ብዙ የሚሰጠው ቀዩ ነው። ሚሞሪው ብቻ እንኳ ከሱ ይበልጣል።"

ሚሞሪው ቢበልጥ ምን እንደሚጠቅመኝ አልጠየቅኩም። የሚያውቅ ሰው አይጠይቅማ። "እሱስ ልክ ነህ" አልኩ። ሰዒድንም "እሱስ ልክ ነህ" ብዬው ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በሁለቱ መሃል ተመላለስኩ። ሰዒድ ቪዲዮ ያሳየኛል፤ አረንጓዴው ቀዩን ሲያሸንፍ። ዮናስም ቪዲዮ ያሳየኛል፤ ቀዩ አረንጓዴውን ሲያሸንፍ። የሚገርመው ሁለቱም ቪዲዮ ላይ የሚታየው ያው አንድ ወታደር ነው፤ ያው ግድግዳ ላይ ይተኩሳል። እኔ ልዩነቱ አልታየኝም። ስለ ዋጋው አልነግራችሁም፤ ቀናችሁን አላበላሽም። መሪውንና ፔዳሉን ግን ዮናስ ያገለገለ ከአዲስ አበባ አፈላልጎ በስጦታ አመጣልን። እንዲህ ያለ ልጅ ነው።

በመጨረሻ ሰብለ ሰለቻት። "ነጂው አባዬ፣ ተከራካሪዎቹ እናንተ! እሱን አትጠይቁትም?" አለች። እሁድ ከምሳ በኋላ ሁለቱንም ቤት ጠራቻቸው። ፓፓያ ቆራርጣ አቀረበች። ጋሽ ወንድይፍራው መሃል ተቀመጡ። አንድ እግራቸውን አንዱ ላይ ጣል አድርገው፣ "እስቲ አስረዱኝ" አሉ። ብዙ ወር ያልሰማሁት ድምፅ ነው። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ድምፅ።

ሰዒድ ቀደመ። "አረንጓዴው ወላሂ ሌላ ነገር ነው፣ ጋሽ ወንድይፍራው። ሥዕሉ ከዘገየበት በሁለቱ ሥዕል መሃል የሌለውን ራሱ ገምቶ ይጨምርበታል። አንቱ ምንም አይታወቅዎትም።"

"የሌለውን?"

"አዎ። ፈጥሮ።"

"የሌለ መንገድ ፈጥሮ ያሳየኛል?"

"መንገድ ሳይሆን... ሥዕል ነው።"

"እኔ የምነዳው ሥዕሉን አይቼ አይደለም እንዴ? የሌለ አስፋልት አሳይቶ ገደል ሊከተኝ ነው?"

ዮናስ ሳቁ መጣና ፓፓያው አነቀው። ሰብለ ጀርባውን መታችለት። ሰዒድ ተናደደ። "የሱም እኮ ይጨምራል! ቀዩም ይጨምራል!" አለ።

"ይጨምራል፤ ግን በልክ ነው" አለ ዮናስ ዓይኑን እየጠረገ።

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ዮናስ ዞሩ። "ያንተስ ይጠጣል?"

"ምን?"

"ነዳጅ ነዋ!"

"መብራት ነው የሚጠቀመው።"

"እሱን ነው የምልህ። ከዚያኛው የበለጠ ይጠጣል ወይስ ያነሰ?"

ዮናስ መዋሸት አይችልም። "ትንሽ ይበልጣል" አለ።

"ይሞቃል?"

"ችግር የለውም፤ ሦስት ማራገቢያ አለው።"

"ሦስት ማራገቢያ የተደረገለት ስለሚሞቅ ነዋ!"

አሁን ደግሞ ሰዒድ ሳቀ። ጋሽ ወንድይፍራው ግን አልሳቁም። አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በወጣትነታቸው እሳቸው የጀርመን መኪና ይነዱ ነበር፤ የሥራ ጓደኛቸው ደግሞ የጣሊያን። ጀውሃ ለምሳ በቆሙ ቁጥር የትኛው ይሻላል ብለው ይሟገታሉ። ጥብሱ ይቀርባል፣ ይቀዘቅዛል፤ እነሱ ይሟገታሉ። አንድ ቀን ሁለቱም ጭነው ተከታትለው የጣርማ በርን ዳገት ተያያዙት። መጀመሪያ የጣሊያኑ ውሃ አፈላና ቆመ። ጋሽ ወንድይፍራው አጠገቡ ሲደርሱ ክላክስ አድርገው፣ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው አልፈው ሄዱ። ሁለት ኩርባ እንደሄዱ የጀርመኑም ቆመ። ሁለቱንም ጎትቶ ያወጣቸው የመንገድ ሥራ ትራክተር ነው። "ከየት አገር እንደመጣ እንኳ አልጠየቅነውም" አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ፍርዱን ሰጡ። "ሙቀት አልችልም። አረንጓዴውን አምጡልኝ። ውሸቱን ግን አጥፉልኝ።"

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰዒድ ግን ማሸነፍ አያውቅበትም። የከተማችን ጌም ተጫዋቾች የስልክ ግሩፕ አላቸው። ማታውን የጋሽ ወንድይፍራውን ፎቶ ለጠፈና፣ "አንጋፋው ሾፌር አረንጓዴውን መረጡ፤ ለቀዮች መጽናናትን እንመኛለን" ብሎ ጻፈበት። ከሥሩ የሳቀው፣ የተሳደበው፣ የሻማ ምስል የለጠፈው ብዛቱ! ዮናስ ምንም ሳይጽፍ ከግሩፑ ወጣ። በማግስቱ ሰዒድን መንገድ ላይ ሲያየው ተሻገረ። ሰዒድም "ካላናገረኝ አላናግረውም" አለ። ለእኔም ተረፈኝ። የሆቴሉ የምግብ ዝርዝር ማዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት መታተም ጀመረ። እኔ ምን አደረግኩ? መሪውን እንድመልስለት ብጠይቀው፣ "ለጋሽ ወንድይፍራው ነው የሰጠሁት፤ ለካርዱ አይደለም" አለኝ። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት ድርሽ አላለም።

ካርዱ መጣ። ሰዒድ ኮምፒውተሩን ሱቁ ውስጥ ገጣጥሞ ሞከረው። ልወስድ ስሄድ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ሲሠራ አላየሁትም። "እንደ መስተዋት ነው፤ ወላሂ" አለኝ። እሱ ራሱ ቤት መጥቶ እንዳይተክልልኝ ደግሞ ለእህቱ ሠርግ ወደ ካራቆሬ ሊሄድ ሻንጣውን ይዟል። ከዚያም ማሾ ሊደርስ ስለሆነ ቤተሰቦቹ ጋ ሰንበት እንደሚል ነገረኝ። "ገመድ መሰካት ምን አለው ጋሼ? አንተ የሙያው ሰው ነህ" ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ልቤ ሞቀ። ኮምፒውተሩን ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ባጃጁ በጉድጓድ ላይ ባለፈ ቁጥር ከፍ እያደረግኩት ቤት ደረስኩ። ገመዶቹን ሁሉ ራሴ ሰካሁ። ሰብለና አባቷ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ስክሪኑ ቦግ ሲል ሰብለ አጨበጨበች። ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ትንሽ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው ወዲያው አልተቀመጡም። ጓዳ ገብተው ጫማቸውን አድርገው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው መጡ። ወንበሩን አስተካከሉ። ፍሪሲዮኑን ረገጥ ለቀቅ አደረጉ። "ምንድነው የጫንኩት?" አሉ። ሰብለ አነበበችላቸው። ቲማቲም። ከጀርመን ወደ ኦስትሪያ። "የጭነቱ ወረቀት የታለ?" አሉ። ወረቀት የለውም ስንላቸው ቅር አላቸው፤ ግን መኪናውን አስነሱ። የመጀመሪያውን ኩርባ ሲዞሩ ትከሻቸው ከመሪው ጋር አብሮ ዞረ። ሰብለ ክንዴን ያዘችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብታዩ! ጋሽ ወንድይፍራው ሥራ ገቡ እንጂ ጌም አልተጫወቱም። ቁርስ በልተው፣ ክኒናቸውን ውጠው፣ ጠዋት መንገድ ይጀምራሉ። ቁልቁለት ላይ ሲሆኑ ማንም አያናግራቸውም። ምሳ ሲደርስ መኪናውን ከመንገድ አውጥተው፣ አቁመው፣ እጃቸውን ታጥበው ነው የሚቀርቡት። እንግዳ "የት ናቸው?" ሲል ሰብለ "ሃንጋሪ" ትላለች። ለድሮ ጓደኞቻቸው እየደወሉ፣ "ትናንት ፖላንድ ነበርኩ። መንገዱ አንደኛ ነው። ሾፌሮቹ ግን ክላክስ አያውቁም" ይላሉ። ጀውሃ መሄድ ቀረ። ከሁሉ ከሁሉ ደስ ያለን ደግሞ፣ አንድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ ከባድ መኪና አለፈና፣ "ይሄ ደንቆሮ! ሁለተኛ አያስገባም?" ብለው ጮኹ። ሰብለ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና ሳቀች።

አንድ ነገር ብቻ በሆዴ ይጉላላ ነበር። ሥዕሉ። ዛፎቹ ከሩቅ አይታዩም፤ አጠገብህ ስትደርስ ድንገት ብቅ ይላሉ። በጎቹ ጆንያ ይመስላሉ። ተራራው አንድ ወጥ ቡናማ ነው። ሰዎች የተኳረፉት ለዚህ ነው? እያልኩ አስባለሁ። ግን ዝም አልኩ። ደግሞ ማን ጋ ልሂድ? ሰው ፍሪጁን ሳይቀር የሚያመጣው እኔ ጋ ነው።

ሁለት ወር ያህል እንደሄደ፣ ሰብለ ሳታስበው የሁለቱን ልጆች ኩርፊያ ለአባቷ ነገረቻቸው። ጋሽ ወንድይፍራው መኪናቸውን መንገድ ዳር አቆሙ። "በእኔ ምክንያት?" አሉ። "እኔ በመረጥኩት? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አንገቴ ላይ ተሸክሜ አልነዳም። ጥሯቸው። ሁለቱንም።"

ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ዮናስ ቀደመ፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሰዒድ የአስርን ሶላት ሰግዶ መጣ፤ ዮናስን ሲያይ መስኮቱ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ለሁለቱም ሰላምታ የሰጠሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ ወንድይፍራው መሪ ላይ ነበሩ። "ጭነት ይዣለሁ፤ ላድርሰውና እንነጋገራለን" አሉ። እንግዲህ ሽምግልናው ኦስትሪያ ውስጥ ተራራ እየወጣ ነው፤ እኛ እንጠብቃለን።

ዮናስ ዓይኑን ማሳረፊያ ቢያጣ ስክሪኑን ማየት ጀመረ። ቀስ እያለ ፊቱ በራ። ፈገግ አለ። ፈገግታው እየሰፋ ሄደ። ለሰዒድ ሳይሆን ለጣራው፣ "ይሄ ነው እንዴ አረንጓዴው?" አለ።

ሰዒድ ስክሪኑን አየ። ሲያይ ቤት ከገባ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። "አይደለም" አለ። "ይሄ አይደለም። እኔ የሰጠሁት ይሄ አይደለም!" ተነስቶ ጠረጴዛው ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ውጭ ቀረ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር የሳቅ ይሁን የለቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣ።

"ጋሼ!"

"አቤት።"

"የስክሪኑን ገመድ የት ነው የሰካኸው?"

"ቀዳዳው ላይ ነዋ።"

"ሁለት ቀዳዳ አለ እኮ! ይሄ የኮምፒውተሩ የራሱ ነው። የካርዱ እዚህ ታች ነው። ክዳኑ እንኳ አልተነሳለትም! ካርዱ እኮ ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል!"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ራሴን ለመከላከልም፣ "ክዳን ያለበት ነገር አይነካም ብዬ ነው" አልኩ። ዮናስ ከወንበሩ ወደቀ። በእውነት ወደቀ። ሰዒድ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ ይስቃል፤ ዮናስ መሬት ላይ ሆኖ ይስቃል። ሰብለ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያልሳቁት ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። "ልጆች፣ ዳገት ላይ ነኝ" አሉ።

ሰዒድ ጋሽ ወንድይፍራውን አስፈቅዶ መኪናውን አስቆማቸው። ገመዱን ነቅሎ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሰካው። ቅንብሩንም ነካካና ከጠረጴዛው ሥር አቧራ ለብሶ ወጣ። "አሁን ይንዱ" አለ። ደረቱን ነፋ።

እኔ ራሴ አፌን ከፈትኩ። ስክሪኑ መስኮት ሆነ። ተራራው ላይ ጥዱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ አስፋልቱ ላይ ደመናው ይታያል። ጆንያዎቹ በግ ሆኑ፤ ይግጣሉ። ከመንገዱ ጠርዝ ወዲያ ሸለቆው ወደ ታች ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ እንደ ክር የቀጠነች ወንዝ ታበራለች። ሰብለ "ወይኔ ሲያምር!" አለች። ዮናስ እንኳ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

ጋሽ ወንድይፍራው መኪናውን አስነሱ። ጥቂት እንደሄዱ ፍጥነታቸው ቀነሰ። እንደገና ቀነሰ። ከዚያ ፍሬቻ አብርተው፣ ጥግ ይዘው፣ ቆሙ። ኮፍያቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ።

"ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?" አሉ።

"አዎ!" አለ ሰዒድ በኩራት። "ድሮም ነበር። አልታይ ብሎዎት ነው።"

"መልሰው።"

"ምኑን?"

"ገመዱን። ወደ ነበረበት መልሰው።"

ሰዒድ እኔን አየኝ። እኔ ሰብለን አየኋት። ጋሽ ወንድይፍራው በጣታቸው ሸለቆውን አሳዩን። "እኔ ጣርማ በርን ያን ሁሉ ዘመን የወጣሁ የወረድኩት ገደሉን ሳላይ ነው። የማየው አስፋልቱን ብቻ ነው። አንድም ቀን ወደ ጎን ዞሬ አላየሁም። አይቼው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሥራዬን ለቅቄ ልብስ ሰፊ እሆን ነበር። አሁን በእርጅናዬ ገደል ልታሳዩኝ ነው?"

ሰዒድ እንደ ቀብረኛ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ተመልሶ ገባ። ገመዱ እኔ ወደ ሰካሁበት ቀዳዳ ተመለሰ። ተራራው አንድ ወጥ ቡናማ ሆነ። ጋሽ ወንድይፍራው ኮፍያቸውን ደፉ፣ "እፎይ" አሉ፣ ቲማቲሙን አደረሱ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኛ አዙረው ሽምግልናውን ጀመሩ። ረጅም ምክር አዘጋጅተው ነበር መሰለኝ፤ ግን ሁለቱን ሲያዩ ሳቃቸው መጣ። "ተሳሳሙ በቃ" አሉ። ተሳሳሙ። ጉንጭ ለጉንጭ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጆች እያፈሩ። ከልባቸው ይሁን ለሽማግሌው ብለው አላወቅሁም።

ሲመሻሽ እስከ በራፉ ሸኘኋቸው። ጎን ለጎን፣ ግን በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ትተው፣ ዝም ብለው ወደ አስፋልቱ አመሩ። ትንሽ እንደሄዱ ዮናስ ቆመ።

"ቀዩ ቢሆን ኖሮ እኮ" ሲል ሰማሁት፣ "ገደሉ እንዲህ አያስፈራም ነበር።"

ሰዒድም ቆመ። "ቀዩ ቢሆን ኖሮማ" አለ፣ "ገደሉም አይታይም ነበር!"

ዮናስ ሳቀና በትከሻው ገፋው። ሰዒድም ገፋው። እጃቸውን እያወናጨፉ፣ አንዱ የአንዱን አፍ እየነጠቀ፣ ተያይዘው አስፋልቱን ተሻገሩ። ሽምግልናው መሳካቱን ያወቅሁት ያኔ ነው።